ስም ጥሪ፦ የ1962 የሐረር ጦር አካዳሚ ልጆች፣ ያላችሁ አቤት በሉ

ባለ ሳጥን (አዲስ አበባ)

አዲስ ዓመት ከገባ ወር ሊሞላው ነው። እንደ ልማዴ ስም ልጥራ።

በ1962 ከለገሃር ባቡር ተሳፍራችሁ፣ ኤረር ጎታ ላይ ብርቱካን በመስኮት ገዝታችሁ፣ ድሬዳዋ ወርዳችሁ፣ የደንገጎን ዳገት እያቃሰታችሁ ሐረር የገባችሁ ሁሉ፣ ያላችሁ አቤት በሉ። የት እንዳላችሁ፣ ጤናችሁን፣ የልጅ ልጆቻችሁን ብዛት ጨምሩበት። ፖለቲካ አትጨምሩበት። ለእሱ ሌላ ክር ሞልቷል።

ከራሴ ልጀምር። ኮተቤ ነኝ። ስኳሩ አደብ ገዝቷል። ጉልበቴ ግን እምቢ ካለ ቆየ። ዘንድሮ የዓይን ሞራ ተገፈፈልኝ። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት ባለቤቴን ነው። «በል እንግዲህ፣ ጉዴን አየኸው» አለችኝና ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። የልጅ ልጅ አምስት።

ያቺ የቆርቆሮ ሳጥን አሁንም አልጋዬ ሥር ናት። አረንጓዴው ቀለም ተላልጦ አልቋል። ክዳኗ ላይ በነጭ የተጻፈው ቁጥሬ ግን ይነበባል። ዛሬ የእድር ደብተርና የመድኃኒት ወረቀት ነው የምታስቀምጠው።

የጠፋው ሟቹ ነው። ስልኩም አይነሳም። ድሬዳዋ ያላችሁ እስኪ ፈልጉልኝ።

ፓርኪንግ ኮማንደር (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

አቤት!

አለሁ። ልቤ ውስጥ ሁለት ሽቦ አስገብተውልኛል፤ ከበፊቱ የተሻለ ይመታል። ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ዓመቴ። ለአዲሶቹ አባላት ስሜን ላስረዳ። በ1983 በሞያሌ ወጥቼ ናይሮቢ ከረምኩ። ከዚያ ዋሽንግተን መጣሁና መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገባሁ። በዚያ ዘመን ከመሬት በታች ባለ ጋራዥ ውስጥ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሐበሻ ካገኘህ «የየትኛው ክፍለ ጦር ነህ?» ብትለው አታፍርም። አንድ ጋራዥ ውስጥ አንድ ኮሎኔል፣ ሁለት ሻለቃና አንድ አብራሪ ነበርን። አለቃችን የ24 ዓመት ልጅ ነው። ከሰው መኪና ይሻላል ስል ነበር፤ መኪና አይኮበልልም።

የትልቋ ልጄ ልጅ ዘንድሮ ኮሌጅ ገባ። ዶርሙ ድረስ ሸኘሁት። እናቱ ልብሱን ስታወጣ እኔ አልጋውን አነጠፍኩለት። አንሶላውን ወጥሬ፣ የብርድ ልብሱን ማዕዘን እንደዚያው አጥፌ፣ በመዳፌ ዳምጬ። እጄ አልረሳም። ልጁ ቆሞ አየኝና «አባባ፣ ይህን ማን ሊያየው ነው?» አለኝ። «ሲኒየሩ» አልኩት። አልገባውም። ማታ ስደውልለት ወለሉ ላይ ነው የተኛሁት አለኝ፤ አልጋውን ማበላሸት አሳዝኖት።

ሟቹ ለምን እንደጠፋ አንድ ሰው ይንገረን። እኔ ሁለተኛ ተዝካር አላዋጣም።

የመድፍ ልጅ (ሐዋሳ)

አቤት። ጆሮዬ አሁን ጨርሶ ሄዷል። ስለዚህ ጮክ ብላችሁ ጻፉ።

የሆለታው (ደብረ ብርሃን)

እኔ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ እንግዳ ነኝ፤ ግን በየዓመቱ ይህን ክር ሳላነብ አላልፍም። እናንተ የሐረር ልጆች ስትጻጻፉ እንኳ ልብሳችሁን የተኮሳችሁ ትመስላላችሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛና የሹካ አያያዝ ስትማሩ እኛ ጭቃ ውስጥ እንንከባለል ነበር።

በነገራችን ላይ በዕድሜ እንበልጣችኋለን። ሆለታን ስዊድኖች ያቋቋሙት በ1927 ነው። ጣሊያን ሲመጣ ልጆቹ ኮርሳቸውን ገና አልጨረሱም ነበር። እናንተ ጋ ህንዶቹ አሰልጣኞች የመጡት ከዚያ ከ20 ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ባለ ሳጥን

ወንድሜ የሆለታው፣ እንኳን ደህና መጣህ። ሹካውን በተመለከተ እውነትህን ነው። ህንዶቹ ሥርዓቱን ከእንግሊዝ ቀድተው አምጥተው አተርን በሹካ ጀርባ ብሉ ይሉን ነበር። አተርን! በሹካ ጀርባ! ከመንዝ የመጣ አንድ ልጅ ነበረን። የመጀመሪያ ቀን ሰሃኑን ለረጅም ጊዜ አየና «ይህን ከመብላት መልቀም ይሻላል» ብሎ አንድ በአንድ በጣቱ ለቀመው። ሳምንቱን ሙሉ ተቀጣ። ያ ልጅ በኋላ ብርጌድ አዟል።

አዲስ አባል

ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ወጣት ነኝ። «ሟቹ» የሚባለው ሰው ማን ነው? ተዝካሩ ምንድን ነው? ቀልድ ነው ወይስ እውነት?

ፓርኪንግ ኮማንደር

እውነት ነው ልጄ። ባለ ሳጥን ይህን መጻፍ አይወድም፤ እኔ ልጻፈው።

ሐምሌ 1969 ሶማሊያ ስትወረን ሟቹ ጅጅጋ አካባቢ ነበር። ጅጅጋ በያዝነው ዓመት መባቻ ላይ ወደቀች፤ ማለቴ በ1970 መባቻ። (እጄ አሁንም በዚያ ዘመን ነው የሚቆጥረው።) የእሱ ሻምበል ተበታተነ። አንድ ከዚያ ያመለጠ አስር አለቃ «ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ» አለን። የካቲት 26 ጅጅጋ ተመለሰች። ካራማራ ላይ ሬሳውን ፈለግን፤ አጣነው። በዚያ ጊዜ ሬሳ ያልተገኘለት ብዙ ነበር።

መርዶውን እንድናረዳ የተላክነው እኔና ባለ ሳጥን ነን። እናቱ ደብረ ማርቆስ ነበሩ። መርዶ የሚረዳው ሌሊት ሳይነጋ ነው። በሩ ላይ ቆመን ማን ያንኳኳ በሚል ተከራከርን። ሁለት መኮንን፣ ጦር ሜዳ የዋልን፣ አንዲት የእንጨት በር ፈራን። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ከፈቱት። ዩኒፎርማችንን አዩ። አልጮኹም። «ገብታችሁ ቡና ጠጡ» አሉን።

ለተዝካሩ ከደመወዛችን አዋጣን። በሬ ገዛን። መንደሩ በላ፣ ካህናቱ ጸለዩ። እናቱ ብቻ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። «እናንተ ብሉ፤ ልጄ አልሞተም» አሉ። ሀዘን ያደረጋቸው ነገር ነው ብለን ዝም አልን።

በ1980 ኢትዮጵያና ሶማሊያ ተስማሙና እስረኛ ተለዋወጡ። 11 ዓመት ሶማሊያ እስር ቤት የቆዩ ሰዎች መጡ። አንዱ እሱ ነበር። ጥርሱ ግማሹ የለም። ክብደቱ የአንድ ሕፃን ያህል ነው ብል ማጋነን አይሁንብኝ፤ ደግፌው ሳቅፈው እጄ ዞሮ ተመለሰ። ሁሉን ነገር ነገርነው። አገሩ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ። ተዝካሩን ስንነግረው ትንሽ አሰበና «በሬውን ስንት ገዛችሁት?» አለ። «200 ምናምን ብር» አልነው። «አይ፣ ውድ ሰው ነበርኩ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሟቹ ነው ስሙ።

እጮኛው አግብታ ወልዳ ነበር። አንድ ቀን ክፉ አልተናገራትም። «ተዝካሬን በልታ ነው የሄደችው፤ ሥርዓቱን ጨርሳለች» ነው ያለው። እናቱ ከተመለሰ በኋላ ስድስት ዓመት አብረውት ኖሩ።

የመድፍ ልጅ

በሬው 240 ብር ነበር። ገንዘብ ያዡ እኔ ነኝ። ያንተን ድርሻ እስካሁን አልከፈልክም።

ፓርኪንግ ኮማንደር

ሟች ስለተመለሰ ዕዳው ተሰርዟል።

የኮሎኔሉ ልጅ (ስቶክሆልም)

ጤና ይስጥልኝ ጋሼዎቼ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ የእናንተ ኮርስ ነበር። መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ፣ አፋቤት ላይ ቀረ። ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ «ጠቅላይ» ትሉት እንደነበር እናቴ ነግራኛለች።

እናቴ አምና ዐረፈች። ዕቃዋን ሳነሳ ከዳዊቷ ውስጥ ፎቶ ወጣ። አራት ዕጩ መኮንኖች ስቱዲዮ ውስጥ ቆመዋል። ከኋላቸው መጋረጃ ላይ ሐይቅና የዘንባባ ዛፍ ተስሏል። አንደኛው ዘንባባ ከአንዱ ሰው ራስ ላይ የበቀለ ይመስላል። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ፣ ድሬዳዋ፣ ጥር 1964» ይላል። አባቴን አወቅኩት። ጋሼ ባለ ሳጥን፣ ባለፈው ዓመት እዚህ የለጠፉትን ፎቶ አይቼ እርስዎን በጆሮዎ ለየሁዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእርስዎ ቀጥሎ ያለው ቀጭኑ ጋሼ ሟቹ ይመስለኛል።

አራተኛው ማን ነው? አባቴ ክንዱን ትከሻው ላይ ጥሎበታል። ሦስታችሁ ካሜራውን ነው የምታዩት። አባቴ ግን እሱን እያየ ነው የሚስቀው። እኔ አባቴ ሲስቅ ያየሁበት ፎቶ ሌላ የለኝም።

ባለ ሳጥን

ልጄ፣ ጆሮዬን ይቅር ብዬሻለሁ። ይህን መልስ ሁለት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ።

ጠቅላይ ያልነው ስለማይሰስት ነው። ከቤት የመጣ በሶ ካለው ሁሉም ክፍል በሶ አለው። አልጋችን ትይዩ ነበር፤ እኔ፣ ሟቹ፣ አባትሽና አራተኛው።

አራተኛው የአስመራ ልጅ ነው። ብራሶ እንለው ነበር። ብራሶ የነሐስ መወልወያ ነው፤ በቆርቆሮ የሚመጣ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ። እኛ የቀበቶ ዘለበታችንንና ቁልፋችንን ለቁጥጥር ሰዓት እንወለውላለን። እሱ ግን ያገኘውን ሁሉ ይወለውላል። የበር እጀታ፣ የቧንቧ ጫፍ፣ የእኔን የሳጥን ቁልፍ። ማታ አሮጌ ካልሲ ጣቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ትግርኛ እያንጎራጎረ፣ ክብ ክብ እያደረገ ይፈትጋል። አባትሽ ትግርኛ የለመደው ከዚያ ነው። ዘፈኑን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ወሬ ሲያወሩት ይጠፋበታል።

አንድ እሑድ ፈቃድ ወጥተን ጀጎል ስንዞር ዋልን። ብራሶ ቀረ። ፈላና በር አካባቢ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዝርዝሩ አያስፈልግሽም። የማታ ስም ጥሪ ደረሰ። ስሙ ሲጠራ አባትሽ ድምፁን አቅጥኖ «አቤት!» አለለት። አለፈ። ቀጥሎ የራሱ ስም ተጠራ። አባትሽ ደነገጠና በዚያው በቀጭኑ ድምፅ «አቤት!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ፈረሰ። ተረኛው መኮንን አልሳቀም። በማግስቱ ሌሊት ሙሉ ትጥቅ ይዘን ወደ ዓለማያ አቅጣጫ ሮጥን፤ ጥፋቱ የአንድ ሰው፣ ሩጫው የሁላችን። ሐይቁ ያኔ ገና አልደረቀም ነበር። ብራሶ ከአባትሽ አጠገብ ይሮጥ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ጠመንጃውን ተቀበለው። ፎቶውን የተነሳነው ከዚያ በኋላ በወሩ ነው። የሚስቀው ለዚያ ይመስለኛል። ካሜራ ያዡ «ዝግጁ!» ሲል ብራሶ በቀጭን ድምፅ «አቤት!» ብሎ ነበር።

በ1967 አስመራ ውስጥ ውጊያ ሲነሳ ብዙ የኤርትራ ልጆች በረሃ ወጡ። ብራሶም ከክፍሉ ጠፋ። ወዴት እንደሄደ ሁላችንም አወቅን፤ ማንም አልተናገረም። አባትሽ ሰሜን ሲመደብ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰክሮ፣ «ባገኘው ምን እለዋለሁ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቀጥሎ የምትጠይቂውን አውቃለሁ። ሐምሌ 2010 የኤርትራ ስልክ ሲከፈት ሰው ሁሉ ያገኘውን ቁጥር ይደውል ነበር። እኔ አልደወልኩም። እሱ ደወለ። ከ43 ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ «ብራሶዬን መልስ» ነበር። ድምፁ አላረጀም። ሳቅን። ጉልበት፣ ስኳር፣ የልጅ ልጅ። ከዚያ አባትሽን በስሙ ጠየቀኝ።

ነገርኩት። የትና መቼ።

ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። «አለሁ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ልጅ አለው?» አለ። አንዲት ሴት እንዳለች ሰምቻለሁ አልኩት።

በ1980 የት እንደነበር አልጠየቅኩትም። እሱም እኔን አልጠየቀኝም።

ፓርኪንግ ኮማንደር

እኔ ብሆን እጠይቀው ነበር። ጓደኛ ጓደኛን ካልጠየቀ ማን ይጠይቃል? አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ ሲደመሰስ እኔ ከከረን በኩል ነበርኩ። የምናውቃቸውን ልጆች በመኪና ላይ ተጭነው ሲወርዱ ያየሁ ሰው ነኝ።

ባለ ሳጥን

ጠይቀህ ምን ልታደርግበት?

ፓርኪንግ ኮማንደር

አላውቅም። ግን እጠይቃለሁ።

የሆለታው

እንግዳ ስለሆንኩ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔም ከወዲያ ማዶ የሄደ አንድ ጓደኛ አለኝ። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ያ ነው ችግሩ።

የኮሎኔሉ ልጅ

አመሰግናለሁ ጋሼ። ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ነርስ ነኝ፤ መድኃኒት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። «በቀጭኑ አቤት» የሚለውን ብቻ አራት ጊዜ አነበብኩት። አባቴ ሰው አስቂኝ እንደነበር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሁሉም ጀግና ነበር ነው የሚሉኝ።

ጋሼ ፓርኪንግ፣ እርስዎም አይቆጡ። ቁጥሩን ስጡኝ። ልጠይቀውም ላልጠይቀውም እኔ ልወስን።

ባለ ሳጥን

ትክክል ነሽ። የእሱ ቁጥር አሁን አይሠራም፤ ከሁለት ዓመት በላይ ሆነው። ግን ልጁ አንቺ አገር ናት፤ ጎተንበርግ መሰለኝ። እዚያው ሆናችሁ አንድ አውቶቡስ ሳትሳፈሩ አልቀራችሁም። ያለኝን አድራሻ በግል መልእክት ልኬልሻለሁ። ስትደውይ የጠቅላይ ልጅ ነኝ በያት። ታውቃለች።

ፎቶውንም ቅጂ ላኪልኝ። የእኔ በ1983 ከቤቱ ዕቃ ጋር ሄዷል። ሳጥኗ ብቻ ነው የቀረችኝ። ቁልፏ እስካሁን ያበራል ብልሽ አታምኚም።

አዲስ አባል

ጋሼ፣ ሟቹስ? ተገኙ?

የመድፍ ልጅ

ድሬዳዋ የእህቴ ልጅ አለ። ከዚራ ድረስ ልኬዋለሁ። በሩ ተዘግቷል፤ ጎረቤት «ሰሞኑን አላየናቸውም» አለው። ጤናውን እንጃ።

ፓርኪንግ ኮማንደር

ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን ይዤ ነው የምዞረው። ባለቤቴ ምን ሆንክ ስትለኝ ስቶክ ማርኬት ነው አልኳት። አንድ ብር የለኝም እዚያ።

ባለ ሳጥን

እኔም አልተኛሁም። ነገ ካልተገኘ የአውሮፕላን ትኬት እቆርጣለሁ። በዚህ ጉልበቴ ደንገጎን ባልወጣም ድሬዳዋ ሜዳ ነው።

ሟቹ (ድሬዳዋ)

አቤት።

ምን ሆናችሁ? መብራት ከሄደ አራት ቀኑ፤ ስልኬን ቻርጅ የማደርግበት የለም። ሙቀቱ ሲከፋብኝ ሐረር እህቴ ጋ ወጣሁ። እግረ መንገዴን በአካዳሚው በር በኩል አለፍኩ። ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው አባባ?» አለኝ። ስም ዝርዝር ብነግረው ያብዳል ብዬ ተውኩት።

የጠቅላይን ልጅ ሁሉንም አንብቤያለሁ። ልጄ፣ ዘንባባው የበቀለው ከእኔ ራስ ላይ ነው። ስትመጪ እኔ ጋ ነው የምታርፊው።

በሬው 240 ከሆነ እስካሁን 200 ነው እየተባልኩ ተሰድቤያለሁ ማለት ነው። ሂሳቡ ይስተካከል።

ኮማንደር፣ የግፊቱ መድኃኒት ደርሶኛል፤ የሦስት ወር ነው። ጫማው ግን አንድ ቁጥር ይሰፋል። በካልሲ እሞላዋለሁ።